ታሪካዊ የባቡር መስመሮችን ለሲሙሌተር መሥራት

ታሪካዊ የባቡር መስመርን ለሲሙሌተር መሥራት ማለት ከአገልግሎት የወጣን ወይም መልኩ የተለወጠን የባቡር መንገድ፣ በአንድ በተወሰነ ዘመን እንደነበረው አድርጎ በኮምፒውተር ላይ መልሶ መገንባት ነው። ሥራው ሐዲዱን፣ የመሬቱን አቀማመጥ፣ ጣቢያዎችንና ድልድዮችን፣ ሎኮሞቲቮችንና ፉርጎዎችን እንዲሁም የጉዞ ሰሌዳውን ያጠቃልላል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ ለገሃር ይደርስ የነበረው 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ነው። ይህ ጽሑፍ የሥራውን አካሄድና የተለመዱ ብልሽቶችን በዚሁ መስመር፣ በተለይም ከለገሃር እስከ ፒያሳ በሚታየው የከተማ ክፍል ምሳሌነት ያስረዳል። ዓመታቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሲሙሌተሮቹ

ለግል ኮምፒውተር ከተዘጋጁት የባቡር ሲሙሌተሮች መካከል በሰፊው የታወቁት ማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተርና የአውስትራሊያው ትሬንዝ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2001 ወጡ። ሁለቱም መስመር መሥሪያ ፕሮግራም አብሯቸው ስለመጣ ተጠቃሚው የአገሩን ሐዲድ ራሱ መዘርጋት ቻለ። ኦፕን ሬይልስ የማይክሮሶፍቱን የፋይል ዓይነት የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም ሲሆን፣ ኦፕን ቢቪኢ ደግሞ መስመሩ በተራ የጽሑፍ ፋይል የሚጻፍበት ሌላ ነጻ ሲሙሌተር ነው። በኦፕን ቢቪኢ ሠሪው «ከዚህ ሜትር ጀምሮ ይህን ያህል ዳገት፣ ይህን ያህል ኩርባ» እያለ በርቀት ቅደም ተከተል ይጽፋል። እንደ ለገሃሩ ያለ አንድ ነጠላ ሐዲድ ያለው ረጅም መስመር ለዚህ አሠራር ይመቻል፤ ብዙ መገንጠያ ላለው የጣቢያ ግቢ ግን ትሬንዝ ወይም ኦፕን ሬይልስ ይሻላል።

የመስመሩ ታሪክ ባጭሩ

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ከሰረ። በምትኩ የተቋቋመው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ አደረሰው። ሕዝቡ ኩባንያውን ከፈረንሳይኛ ስሙ ወስዶ «ሸመንደፈር»፣ ጣቢያውንም «ለገሃር» አለው። ዛሬ የሚታየው የለገሃር ሕንጻ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

ለመስመር ሠሪ ከዚህ ታሪክ የሚጠቅሙት ነገሮች ጥቂት ናቸው። የሐዲዱ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አግዳሚዎቹም የብረት ነበሩ። የኪሎ ሜትር ቁጥሩ ከጅቡቲ ዜሮ ብሎ ወደ አዲስ አበባ ይጨምራል። ስለዚህ ከለገሃር የሚጀምር ሠሪ እያንዳንዱን የድልድይና የጣቢያ ቁጥር ከ784 መቀነስ አለበት። ከለገሃር ሲወጣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራና አዋሽ በተራ ይመጣሉ፤ ከዚያም ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ድሬዳዋ፣ አዲጋላ፣ አይሻና ደወሌ ይከተላሉ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በናፍጣ መተካት የጀመረው በ1940ዎቹ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋርጦ ነበር። ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። በአዲስ አበባ በኩል አገልግሎቱ የቆመው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መስመር፣ በ1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የሚሄድ በመሆኑ ለአሮጌው መስመር መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ዘመን መምረጥ፦ ከለገሃር እስከ ፒያሳ

የመጀመሪያው ውሳኔ መስመሩ የሚሠራበትን ዓመት መወሰን ነው። «ድሮ» የሚባል ዓመት የለም። ብዙ ጀማሪዎች ከ1922ቱ ሕንጻ፣ ከ1950ዎቹ ሎኮሞቲቭና ከዛሬው የሳተላይት ምስል አንድ ላይ የሠሩት ጣቢያ በየትኛውም ቀን ያልነበረ ይሆናል። የለገሃር አደባባይ ይህን ለማሳየት የተመቸ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር የራሱ የልደት ቀን አለው።

በጣቢያው ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በ1923 ዓ.ም. የተተከለ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ተነቅሎ ወደ ሮም ተወሰደ፤ የተመለሰውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ስለዚህ በ1940 ዓ.ም. ላይ የተመሠረተ መስመር አንበሳውን ካሳየ ተሳስቷል። ከጣቢያው በር ወደ ሰሜን ሲታይ የቸርችል ጎዳና ዳገት ፒያሳ አናት ድረስ ይዘልቃል፤ በጫፉ የሚታየው የማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ግን የአርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ ሲሆን የተሠራው በ1950ዎቹ ነው። ጎዳናው በቸርችል ስም የተጠራው ከነጻነት በኋላ ነው። «ፒያሳ» የሚለውም ስም የጣልያን ቅሪት ነው፤ ከዚያ በፊት አካባቢው አራዳ ሲሆን ትልቁ ገበያም ጣልያኖች ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዛውሩት ድረስ እዚያው ነበር። የ1910ዎቹን አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ከጣቢያው ጀርባ «ፒያሳ» የሚል የመንገድ ምልክት ቢተክል፣ ባቡሩ በትክክል ቢሄድም መስመሩ ውሸት ነው።

ከሁሉ በላይ ዓይን የሚያታልለው ቀላል ባቡሩ ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰሜን–ደቡብ መስመር ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ወርዶ በመርካቶ፣ በልደታና በሜክሲኮ በኩል ለገሃር ይደርሳል፤ ከልደታ እስከ ስታዲየም ያለውን ክፍል ከምሥራቅ–ምዕራቡ መስመር ጋር ይጋራል። ለገሃር ላይ በኮንክሪት ድልድይ ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ ዛሬ የሚነሣ ፎቶ ሁሉ እሱን ይዞ ይወጣል። ከሳተላይት ምስል ሕንጻ የሚገለብጥ ሠሪ ሳያውቀው የድልድዩን ጥላና ምሰሶ ወደ 1930 ዓ.ም. ሊያስገባ ይችላል።

በተቃራኒው፣ እነዚህ ነገሮች የአንድን አሮጌ ፎቶ ዕድሜ ለማወቅ ይረዳሉ። ከጣቢያው ወደ ሰሜን የተነሣ ፎቶ አንበሳው ኖሮበት ማዘጋጃ ቤቱ ከሌለ ከወረራው በፊት የነበሩትን ጥቂት ዓመታት ያመለክታል፤ ሁለቱም ካሉ ዘመኑ የንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ወይም ከዚያ ወዲህ ነው።

ካርታና ከፍታ

የአብዛኛው ሠሪ የመሬት መረጃ የሚመጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በራዳር ከለካው የዓለም ከፍታ ነው። መረጃው ነጻ ሲሆን ኢትዮጵያን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ነጥቦቹ በየ30 ሜትሩ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የጥቂት ሜትር ስሕተት መኖሩም የተለመደ ነው። ለመልክዓ ምድር ይህ በቂ ነው፤ ለሐዲድ ግን አይሆንም። በ30 ሜትር ርቀት ላይ የ3 ሜትር ስሕተት ቢኖር ሐዲዱ በሺህ 100 የሚወጣ ዳገት ይሆናል፤ ይህን በተራ ጎማ የሚወጣ የጭነት ባቡር የለም። የዚህ ችግር ምልክት ግልጽ ነው፦ ባቡሩ ሜዳ በሚመስል ቦታ ይንገጫገጫል፣ ፍጥነቱ ያለ ምክንያት ይዋዥቃል፣ ረጅም ባቡር ሲሆን ደግሞ ማያያዣው ይበጠሳል። መፍትሔው የሐዲዱን ከፍታ ከመሬቱ አለመገልበጥ ነው። በመጀመሪያ የታወቁ ጣቢያዎች ከፍታ ይያዛል፤ በመካከላቸው ለስላሳ ዳገት ይዘረጋል፤ ከዚያም መሬቱ ሐዲዱን እንዲከተል ይቆፈራል ወይም ይደለደላል። እውነተኛዎቹ መሐንዲሶችም የሠሩት እንዲሁ ነበር።

ገደል ላይ ችግሩ ይብሳል። የአዋሽ ወንዝ ሸለቆ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ በ30 ሜትር ነጥብ ሲለካ ጠርዙ ይሟሟል፤ በድልድዩ ሁለት ጫፍ ያለው ቋጥኝ ተዳፋት ኮረብታ መስሎ ይታያል። እዚህ ቦታ ላይ ከፎቶ እያዩ በእጅ ማረም የግድ ነው።

የአሮጌ ካርታ ችግር ሌላ ነው። የኢትዮጵያ የወረቀት ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በሚባለው የቅየሳ መነሻ ላይ ሲሆን ጂፒኤስና የሳተላይት ምስል የሚጠቀሙት ሌላ መነሻ ነው። ቁጥሩ እንዳለ ከአንዱ ወደ ሌላው ከተገለበጠ ቦታው ከ100 ሜትር በላይ ይዛወራል። አቃቂ ላይ ሐዲዱ ወንዝ ውስጥ ከገባ ወይም ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ ከተገኘ፣ ሐዲዱን በእጅ ከመጎተት በፊት መነሻው መቀየሩን ማረጋገጥ ይገባል። በእጅ የተጎተተ ስሕተት 20 ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ መልሶ ይወጣል።

ክብደት፣ ዳገትና አየር

በሲሙሌተሮች ውስጥ 1,435 ሚሊ ሜትር እንደ ተለመደ ስፋት ይወሰዳል። በማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር ስፋቱ የሐዲዱ ቅርጽ ጉዳይ ብቻ ስለነበር፣ የአንድ ሜትር ሐዲድ ቅርጽ አስገብቶ የአውሮፓ ሎኮሞቲቭ ቢያስቀምጡበት ጎማው ከሐዲዱ ውጭ ተንጠልጥሎ እንኳ ይሄዳል። ኦፕን ሬይልስ ግን ኩርባ ላይ የሚፈጠረውን መጎተት ሲያሰላ ስፋቱን ይጠቀማል። ስለዚህ ቅርጹ ተስተካክሎ ቁጥሩ ሳይስተካከል ከቀረ ባቡሩ ኩርባው ላይ ከሚገባው በተለየ ኃይል ይጎተታል።

የዳገት ሒሳብ ቀላል ነው። በሺህ 1 የሆነ ዳገት በእያንዳንዱ ቶን ላይ ወደ 10 ኒውተን ገደማ ይጨምራል። 400 ቶን የሆነ ባቡር በሺህ 20 ዳገት ላይ ለዳገቱ ብቻ ወደ 80 ኪሎ ኒውተን ይፈልጋል። ባቡሩ በሲሙሌተሩ ውስጥ ከአዋሽ ወደ አዳማ ያለ ምንም ድካም የሚወጣ ከሆነ ወይ ዳገቱ ተደልድሏል ወይ ሎኮሞቲቩ ከእውነተኛው ይበረታል። መስመሩ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ ስለሆነ አየሩም ይቆጠራል፦ አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊት ከጅቡቲ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። አየር መጭመቂያ የሌለው የናፍጣ ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል። ኦፕን ቢቪኢ የመነሻውን ከፍታ ሠሪው ካልነገረው ዜሮ አድርጎ ይወስዳል፤ ያን ጊዜ የለገሃር አየር የጅቡቲ አየር ይሆናል።

የፍጥነት ገደብም እንዲሁ ለጌጥ የሚቀመጥ አይደለም። በ1977ቱ አደጋ ባቡሩ ከሐዲድ የወጣው ኩርባ ላይ ነው። አዋሽን ያለ ገደብ ምልክት የሚሠራ ሰው በዚያ ቦታ ላይ የነበረውን ዋና ነገር ትቷል።

የተለመዱ ብልሽቶች

ባቡሩ ደህና በሚመስል ሐዲድ ላይ በድንገት ቢቆም ወይም ከሐዲድ ቢወጣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የሐዲድ ቁራጮች በዓይን ተገናኝተው በመረጃ ቋቱ ግን አልተያያዙም ማለት ነው። የማይክሮሶፍቱ ሐዲድ የሚዘረጋው ልካቸው ከታወቀ ቁራጮች ነው፤ እውነተኛው ኩርባ ከነዚያ ልኮች ጋር ስለማይገጥም መጨረሻ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱን በተለዋዋጭ ቁራጭ መሙላትና ከዚያ የሐዲዱን መረጃ ቋት እንደገና ማስገንባት ያስፈልጋል። ቁራጩን ገፍቶ ማስጠጋት አይበቃም፤ ዓይንን ያሳምናል፣ ባቡሩን ግን አያሳምንም።

መስመሩ ጨርሶ የማይከፈት ከሆነ መጀመሪያ መታየት ያለበት የስሕተት መዝገቡ ነው። ኦፕን ሬይልስ በከፈቱት ቁጥር የትኛውን ፋይል ፈልጎ እንዳጣ በመዝገቡ ይጽፋል። መዝገቡ ውስጥ ከተደረደሩት ስሕተቶች የመጀመሪያው ነው የሚታረመው፤ ሌሎቹ ብዙ ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው የተለየ ወጥመድ አለ። ጆሮ የማይለያቸውን ፊደላት ኮምፒውተር ይለያቸዋል። አንዱ ፋይል «ለገሃር» ተብሎ ተቀምጦ ሌላው «ለገሐር» ብሎ ከጠራው ጣቢያው አይገኝም፤ ሐዲድና ሃዲድ፣ ፀሐይና ጸሐይም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ለፋይል ስም አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ይሻላል። በተጨማሪም የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር የጽሑፍ ፋይሎች በዩኒኮድ መቀመጥ አለባቸው። በሌላ ዓይነት ከተቀመጡ የጣቢያው ስም ወደ ጥያቄ ምልክት ሰልፍ ይለወጣል፣ ወይም ፋይሉ ጨርሶ አይነበብም።

የወቅት ስምም ያሳስታል። ሲሙሌተሮቹ የተሠሩት ለአውሮፓና ለአሜሪካ አራት ወቅቶች ሲሆን ቀዝቃዛው ወቅት ከበረዶ ምስል ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ወቅት «ክረምት» ብሎ ተርጉሞ ሐምሌን የመደበበት ሰው ቢሾፍቱ ላይ በረዶ ተከምሮ ያገኛል። መፍትሔው በበረዶው ምስሎች ቦታ የዝናብ ወራትን ለምለም ሣር ማስገባት ነው። ዛፎቹም ይለወጣሉ፤ ከአዲስ አበባ እስከ አቃቂ ባሕር ዛፍ፣ ከመተሐራ በታች ደግሞ ግራር ካልታየ አሽከርካሪው የት እንደደረሰ አያውቅም።

የጉዞ ሰሌዳ

በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ነበር። መንገደኞች ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደሩ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ የአዋሹ ቡፌና ሆቴል ስሙን ያገኘውም በዚህ ነው። ስለዚህ የ1910ዎቹ ሰሌዳ በአንድ ሌሊት ጅቡቲ የሚያደርስ ከሆነ ዘመኑን ስቷል።

ሰዓቱ ራሱ ሌላ የስሕተት ምንጭ ነው። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሲሆን የአገሩ ሰው ደግሞ በስድስት ሰዓት ልዩነት ይቆጥራል። በአማርኛ «ጧት 1 ሰዓት» የተባለውን መነሻ ሲሙሌተሩ ውስጥ 1፡00 ብሎ ያስገባ ሰው ባቡሩን እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ያስነሣዋል። በቀን ብቻ በሚሄድ መስመር ይህ ስሕተት ወዲያው ይታወቃል፤ ጨለማ ውስጥ የሚነሣ ባቡር ካለ ሰዓቱን መመርመር ነው። የዓመቱም ነገር እንዲሁ ነው። በፈረንሳይኛ ሰነድ 1929 የተባለው የለገሃር ሕንጻ በአማርኛ ጽሑፍ 1922 ይባላል፤ ሁለቱን እንደ ሁለት ሕንጻ የቆጠረ ሠሪ ከመጀመሪያው ጣቢያ ላይ የሌለ ግንባታ ይጨምራል።

የሰነድ ፍለጋ

በአሮጌ የአማርኛ ጽሑፍ «ባቡር» ብሎ መፈለግ ብዙ ጊዜ ወደ ወፍጮ ይመራል፤ ቃሉ የእህል መፍጫ ሞተርንም ይሸፍናልና። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ወደ አዲስ አበባ ያመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ ተሽከርካሪም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል፤ ሐዲድ ግን አልነበረውም። ይህን መኪና ለሸመንደፈር ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ፣ ባቡር ከተማይቱ የገባው ከ1909 ዓ.ም. በፊት እንደሆነ ያስመስላል። ለሐዲዱ «ምድር ባቡር»፣ «ሸመንደፈር» እና «ለገሃር» የሚሉት ቃላት የተሻለ ውጤት ይሰጣሉ፤ የቴክኒክ ሰነድ ግን በፈረንሳይኛ መፈለግ አለበት።

የቤቶች መልክ የሚገኘው ከሰነድ ሳይሆን ከቦታው ነው፤ ቦታው ደግሞ እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በስፋት ፈርሰዋል። በቸርችል ጎዳና አናት ዙሪያ የነበሩትን የእንጨት ሰገነትና የቆርቆሮ ክዳን ቤቶች መለካት ለሚፈልግ ሠሪ ከዚያ በፊት የተነሡ ፎቶዎች ዋጋቸው ጨምሯል። በፎቶ ብቻ ሲሠራ ልኩ የታወቀ አንድ ነገር ያስፈልጋል። ለገሃር ግቢ ውስጥ ለተነሣ ፎቶ ይህ ነገር ሐዲዱ ራሱ ነው፦ በሁለቱ ሐዲዶች የውስጥ ጠርዝ መካከል ያለው 1 ሜትር በመሆኑ፣ ከዚያው ርቀት ላይ የቆመውን ፉርጎ፣ የመድረኩን ከፍታና የበሩን ስፋት በእሱ መለካት ይቻላል። ፒያሳ ላይ ሐዲድ ስላልነበረ በዚያ በኩል እስካሁን የቆሙ ሕንጻዎች በር ወይም መስኮት ተለክቶ በአሮጌው ፎቶ ላይ እንደ መለኪያ ያገለግላል።